አሮጌ መኪናን በአነስተኛ ወጪ ከስማርት ስልክ ጋር ማገናኘት

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለች ወዲህ፣ በአርባ ምንጭ ከተማ በሲቀላና በሴቻ ሰፈሮች የሚታዩት አሮጌ ቶዮታዎች ለተጨማሪ ዓመታት ማገልገላቸው ስለማይቀር፣ መኪኖቹን ከስልክ ጋር ማገናኘት ተግባራዊ ጥያቄ ሆኗል።

ርካሹ አማራጭ የኤፍኤም ማስተላለፊያ ነው፤ ይህም በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ ከስልኩ በብሉቱዝ፣ ማለትም በአጭር ርቀት ገመድ አልባ ግንኙነት፣ የተቀበለውን ድምፅ ጣቢያ በሌለበት ሞገድ ለመኪናው ሬዲዮ የሚልክ መሣሪያ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ አሮጌ ሬዲዮዎች ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሚቀበሉ፣ ማስተላለፊያዎቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ87.5 ስለሚጀምሩ፣ ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ሬዲዮው የኦክስ ቀዳዳ፣ ማለትም የድምፅ ገመድ ማስገቢያ፣ ካለው ግን ተራ ገመድ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል።

የመኪናውን ቴፕ፣ ማለትም ሬዲዮውን፣ በብሉቱዝ በሚሠራ መቀየር ወጪው ከፍ ያለ ቢሆንም ጥሪን ያለ እጅ ለመቀበል ያስችላል። አዲሱ ቴፕ ሲገጠም ግን ሽቦዎቹን መለየት ያስፈልጋል፤ በተለመደው አሠራር ቢጫው ሽቦ ዘወትር ኃይል ሲኖረው ቀዩ ኃይል የሚያገኘው ቁልፉ ሲዞር ብቻ በመሆኑ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማሰር መኪናው ቆሞ ሳለ ባትሪውን ሊያደክም ይችላል።

ስልኩ መንገድ ለማሳየት የሚያገለግል ከሆነ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ኔትወርክ ሊቆራረጥ ስለሚችል የስልኩ ካርታ አስቀድሞ ይውረድ፤ የአርባ ምንጭ ፀሐይም የስልክን ባትሪ ስለሚጎዳ ስልኩ በዳሽቦርድ ላይ አይተው፤ መድረሻውም መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት በካርታው ላይ ይሞላ።