ፈቃድ የሚጠየቅበት ዳርቻ

ወደ ስጋንግ ግዋይ የሚደርስ ጀልባ ዝም ብሎ ዳር አይወጣም። ነጂው አስቀድሞ የቦታው ነባር ሕዝብ የሆኑትን የሃይዳ ዘቦች በሬዲዮ ይጠራል፤ ፈቃድ እስኪሰጠውም ውኃ ላይ ይቆያል። ቀድመው የገቡ እንግዶች ካሉ ተራ ይጠበቃል፤ በአንድ ጊዜ ከ12 ሰው በላይ አይገባምና።

ደሴቲቱ በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከ150 በላይ ደሴቶች ባሉት በሃይዳ ግዋይ ደቡብ ጫፍ ትገኛለች። መኪና አይደርስባትም። እንግዳው ዛጎል የተደረደረበትን ቀጭን መንገድ ይዞ ሲገባ፣ ከሴዳር ግንድ የተቀረጹ ረጃጅም ምሰሶዎች ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ያገኛቸዋል። ብዙዎቹ የመቃብር ምሰሶዎች ናቸው፤ የባላባቱ ወይም የወይዘሮዋ አስከሬን በሳጥን ሆኖ አናታቸው ላይ ያርፍ ነበር። አንዳንዱ አዘንብሏል፤ አንዳንዱ ወድቆ የዛፍ ሽበት ወርሶታል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1981 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ቦታ እንዴት እንዲህ ይተዋል? በእርግጥ ጥበቃ ይደረግለታል፤ ያዘነበሉትን የማቃናት ሥራም ተሠርቷል። በመጨረሻ ግን ምሰሶው ወደበቀለበት አፈር እንዲመለስ የሃይዳዎች ፈቃድ ነው። ይህን ከዘቦቹ አንደበት መስማት ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ከታጠረ ምሰሶ ፊት ከመቆም እጅግ ይበልጣል።

በደሴቲቱ የነበረውን የሃይዳዎች መንደር ባዶ ያስቀረው ፈንጣጣ ነው። በ1862 በሽታው ቪክቶሪያ ከተማ ሲገባ ባለሥልጣናቱ በዙሪያዋ የሰፈሩትን ነባር ሕዝቦች አባረሩ፤ ተባራሪዎቹም ደዌውን ይዘው ወደየአገራቸው ቀዘፉ። በሺዎች ይቆጠር የነበረው የሃይዳ ሕዝብ ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ ወደ 600 ገደማ ወርዶ ነበር። ከሞት ለተረፉት ደግሞ ሕጉ ሌላ መከራ ጨመረባቸው፤ ስም፣ ማዕረግና ውርስ በሕዝብ ፊት የሚጸናበት ፖትላች የተባለው ታላቅ ድግስ ከ1885 እስከ 1951 ተከለከለ። በሃይዳ ግዋይ ባለችው በማሴት መንደር ሮበርት ዴቪድሰን የተባለ የ22 ዓመት ወጣት የቀረጸው ምሰሶ በ1969 ሲቆም፣ እንዲያ ያለ ሥርዓት ከታየ ዘመናት አልፈው ነበር።

ሃይዳዎች ዘብ መቆም የጀመሩት ማንም ሳያዛቸው ነው። በ1985 ደግሞ በዚያው በሃይዳ ግዋይ፣ ላይል በተባለችው ደሴት የእንጨት ቆራጮችን መንገድ ዘግተው ቆሙ፤ 72 ሰዎች ታሰሩ፣ አረጋውያንም ነበሩባቸው። በ1993 ካናዳ አካባቢውን ከእነሱ ጋር በእኩል ድምፅ ለማስተዳደር ተስማማች። በ2024 ደግሞ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንግሥት የደሴቶቹ መሬት የሃይዳ መሆኑን አመነ።

ዛሬ ላይል ደሴት የሚወርድ እንግዳ በ2013 የቆመ፣ ወደ 13 ሜትር የሚረዝም ምሰሶ ያያል። መንገድ የዘጉትን ለማስታወስ፣ አብረው የቆሙ አምስት ሰዎች ተቀርጸውበታል።