ያውቁ ኖሯል? የሶዶ ከፍታ የጎልፍ ኳስን ያርቃል

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በባሕር ዳርቻ 150 ሜትር የምትሄድ የጎልፍ ኳስ እዚህ በእኩል ኃይል ብትመታ 10 ሜትር ያህል ትጨምራለች።

ይበልጥ የሚገርመው ግን ስስ አየር ኳሷ ወደ ጎን የምትታጠፈውንም መቀነሱ ነው። ዱላውን አጣሞ የሚመታ ጀማሪ ደጋ ላይ ጥፋቱ በከፊል ይሸፈንለታል፤ ቆላ ሲወርድ ይገለጥበታል። ስለዚህ በርቀቱ ከመደሰቱ በፊት የእጁን አያያዝ፣ አቋቋሙንና የትከሻውን አቅጣጫ ይፈትሽ። ዱላው ኳሷን የሚነካው ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ቅጽበት የሚታረም ነገር የለም፤ ሁሉም ቀድሞ፣ በአቋሙና በአወዛወዙ ተወስኗል።

በቆልማማ ዱላ የገና ጨዋታ የተጫወተ ሰው የወገብን መዞር ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ የገና ኳስ ትሮጣለች፤ የጎልፏ ቆማ ትጠብቃለች። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ መጠበቅ ነው ጀማሪውን የሚያስጨንቀው።

ልምምዱስ? መሠረቱን ለያዘ ሰው፣ አንዱን ምት 50 ጊዜ ከመደጋገም ዱላና ዒላማ እየቀያየሩ መምታት ይሻላል። በዕለቱ ውጤቱ የባሰ ይመስላል፤ ከቀናት በኋላ ሲፈተን ግን ሰውነት ውስጥ የቀረው ችሎታ ይበልጣል።