ነፍሰ ገዳዩ ከቤት ሰው መካከል ሲሆን

በድሬ ዳዋ ከተማ ሥራ የሚሠራው በማለዳ መሆኑን ክቡራን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ሁሉ ከጥላ ይገባል፤ ፀሐይ ጠልቃ ነፋስ ሲነሣ ግን ወንበር ወደ በረንዳ ይወጣል፤ ሻይም ይቀርባል፤ ማንበብ የሚወድ ሰው መጽሐፉን የሚገልጠው በዚህ ሰዓት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰዓት እጅግ ከሚስማሙት መጻሕፍት አንዱ፣ ነገሩ ለሰሚው እንግዳ ቢመስልም፣ እንግሊዞች ስለ ነፍስ ግድያ የሚጽፉት ልብ ወለድ ታሪክ ነው። ስለ ቤተ ሰብ በሚጻፍበት ገጽ ስለ ነፍሰ ገዳይ ማንሣት ምን ይባላል የሚል ሰው ቢኖር፣ ይህ ዓይነት ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የቤት ታሪክ ነው ብለን እንመልስለታለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከከተማ ርቆ በገጠር የተሠራ የአንድ ባላባት ግቢ አለ፤ አትክልቱ ሰፊ፣ መኝታ ቤቱ ብዙ ነው፤ መጻሕፍት የሚቀመጡበትም አንድ ትልቅ ክፍል አለው። ባለቤቱ ለዕረፍት ቀን እንግዶች ይጠራል፤ የወንድሙ ልጅ፣ ጡረታ የወጣ የጦር መኰንን፣ ሐኪም፣ ባልዋ የሞተባት ወይዘሮ ይመጣሉ። ሌሊት በረዶ ይወርድና መንገዱ ይዘጋል። በማግሥቱ ገረዲቱ ሻይ ይዛ ስትገባ ጌታዋን ሞቶ ታገኘዋለች። ከውጭ የገባ ሰው እንደ ሌለ ይታወቃል፤ እንግዲህ ገዳዩ ትናንት ማታ በአንድ ገበታ ከቀረቡት አንዱ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መርማሪው ይመጣል፤ እያንዳንዱን ለብቻው ይጠይቃል፤ የተቃጠለ ወረቀት፣ የቆመ ሰዓት፣ ከቦታው የጎደለ ብርጭቆ ይመለከታል፤ በመጨረሻም ሁሉን በአንድ ክፍል ሰብስቦ የሆነውን ነገር ከሥሩ ካስረዳ በኋላ ገዳዩን በስሙ ይጠራዋል። ደም ብዙ አይታይም፤ የሬሳው ነገር በሁለት ወይም በሦስት መስመር ያልፋል። አንባቢውን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ የሚያስቀምጠው ፍርሃት ሳይሆን ስሌት ነው።

በዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የገነነው ወይዘሮ አጋታ ክሪስቲ ናቸው። የተወለዱት በ1890 ነው፤ (የእንግሊዝን አገር ዘመን ስንናገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን)። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ሲሠሩ የመርዝን ዓይነትና መጠን ተማሩ፤ በ1920 በታተመው በመጀመሪያው መጽሐፋቸው ውስጥም የአንዲት ባለጸጋ እመቤት በገጠር ግቢያቸው በመርዝ መሞት ተተርኳል። በ1976 እስኪሞቱ ድረስ 66 እንዲህ ያሉ ረጃጅም ታሪኮችን ጻፉ። ከነዚህም አንዱ፣ በ1934 የወጣው፣ ቤቱን ትቶ በበረዶ ምክንያት በመንገድ ላይ የቆመ ባቡር ውስጥ የተደረገ ግድያን ይናገራል።

ይህን የባቡሩን ታሪክ ለድሬ ዳዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከተማይቱ ራስዋ የተወለደችው በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ በደረሰ ጊዜ ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ባቡሩ በብዙ ዘመን በሌሊት አይሄድም ነበር፤ ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንዱን ሌሊት በድሬ ዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይደርስ ነበር። ነጋዴው፣ የመንግሥት መልእክተኛው፣ ሚሲዮናዊው፣ ጋዜጠኛው፣ ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች፣ በአንድ ሆቴል ራት በልተው በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? አሮጌው ባቡር ዛሬ ወደ አዲስ አበባ መሄዱን ትቷል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ጣቢያ ያልፋል፤ የድሮው ለገሐር ግን በከዚራ አሁንም ቆሞ ይታያል።

እንዲያውም እንዲህ ያለ ታሪክ በድሬ ዳዋ ይጻፍ ቢባል በረዶ እንኳ አያስፈልግም። ከዚራ መንገዱ ቀጥ ብሎ የተተለመ፣ ዛፉ የተስማማ ሰፈር ነው፤ በማዶ መጋላ ከነገበያው አለ፤ በመካከላቸው ያለው ደቻቱ በዓመቱ ብዙ ወራት ደረቅ አሸዋ ነው። ነገር ግን በሐረርጌ ደጋ ዝናም የጣለ እንደ ሆነ፣ በከተማው አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደቻቱ በድንገት ሞልቶ ሁለቱን ወገን ይለያያል። ይህ ወንዝ የቀልድ አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ወስዷል። ጸሐፊው የሚያስፈልገው መንገድ የሚዘጋበት አንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ድሬ ዳዋ ይህን አላጣችም። ምስክሮቹ ደግሞ አንዱ በሶማልኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሐረሪ፣ አንዱ በአማርኛ፣ በምድር ባቡር ያረጀውም በፈረንሳይኛ ቃላቸውን ቢሰጡ፣ መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ አስተርጓሚውን መመርመር ይገባው ይሆናል። አንድ ችግር ብቻ ይታየናል፤ ግድያው ከቀትር በኋላ የተደረገ እንደ ሆነ የከተማው ሰው እኩሌታ በበርጫ አብሮ ተቀምጦ ስለሚውል ሁሉም እርስ በርሱ ይመሰካከራል፤ ማንንም መጠርጠር አይቻልም።

ቀልዱን እንተወውና፣ ሁሉን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ ወንጀለኛውን ማውጣት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ሰው ተገድሎ ወይም ከብት ተሰርቆ አድራጊው ሲሰወር፣ የአገሩ ሰው ሁሉ በሜዳ ተጠርቶ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሽማግሎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። በግልጽ መናገር የፈራ ምስጢሩን ለተመረጡት ብቻ ይነግራል፤ እንዲህ ያለው ነጋሪም ስሙ እንዳይታወቅ ወፍ ይባል ነበር። አድራጊው ካልተገኘ ጥፋቱን የአገሩ ሰው በጠቅላላው ይከፍላል። ስለዚህ ሁሉም፣ ንጹሑም ጭምር፣ እውነቱ እንዲወጣ ይፈልግ ነበር። በእንግሊዞቹ መጽሐፍ በመጨረሻው ምዕራፍ በክፍል ውስጥ ተሰብስበው መርማሪውን የሚጠብቁት እንግዶች ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ልዩነቱ ያለው በሌላ በኩል ነው። አውጫጭኝ የሚሠራው ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር ነው፤ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ ማን በየት በኩል እንደሚያልፍ ጎረቤት ያውቃል፤ መሐላውንም ይፈራል። በባቡር መጥቶ በባቡር በሚሄድ ሰው በተሞላ ከተማ ግን ወፉ ምን አይቶ ይናገራል? ለንደንም ይህ ችግር ስለ ደረሰባት በ1842 ስምንት ሰዎች ብቻ ያሉበት የወንጀል መርማሪዎች ክፍል አቆመች። የመርማሪው ጥበብ የሰውን አፍ መጠበቅ ሳይሆን ዕቃን መጠየቅ ነው፤ ዕቃ አይምልም፤ አይፈራምም።

ከአፋችንና ከዕቃው ሌላ ሦስተኛ መንገድ እንደ ነበረ መሰወር አይገባንም፤ እርሱም ሌባሻ ነው። ለአንድ ልጅ አደንዛዥ መጠጥ ያጠጡትና ወገቡን በመቀነት አስረው ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ሥርዓቱ በኋላ ተከልክሏል፤ መከልከሉም መልካም ሆነ። ሮናልድ ኖክስ የተባሉት እንግሊዛዊ ቄስ በ1929 ለመርማሪ ታሪክ ጸሐፊዎች አሥር ሕጎች ሲያወጡ፣ ከሰው ኃይል በላይ የሆነ ነገር ለምርመራው እንዳይገባ ከለከሉ። ሌባሻን ሳያውቁ ከለከሉት ማለት ነው። መርማሪው በድንገተኛ ዕድል ወይም ልቤ ነገረኝ በማለት እንዲያገኝም አልፈቀዱም።

ከነዚህ ሕጎች ሁሉ የቤት ጌቶችንና እመቤቶችን ሊያሳስብ የሚገባው ግን አሜሪካዊው ቫን ዳይን በ1928 ካወጣቸው ሃያ ሕጎች አንዱ ነው። ጸሐፊው ገዳዩን ከአሽከሮችና ከገረዶች መካከል እንዳያደርግ ይከለክላል። ምክንያቱ ለአሽከር ማዘን አይደለም፤ አሽከርን መጠርጠር እጅግ የቀለለ ስለ ሆነ አንባቢው ይናቃል ብሎ ነው። በመጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ሲሆን በእውነተኛው ቤት የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው። ማንኪያ ሲጠፋ አስቀድሞ የሚጠራው ማን እንደ ሆነ እያንዳንዳችን እናውቃለን፤ የጌታው ልጅ ሣጥን ሳይከፈት የአሽከሩ ጓዝ ይበተናል።

የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሁሉ ምንጭ ነው የሚባለው እውነተኛ ነገር የተደረገውም እንዲህ ባለ ቤት ነው። በእንግሊዝ አገር በዊልትሺር ግዛት ሮድ ሂል በተባለ ግቢ፣ ሳሙኤል ኬንት የተባሉ የፋብሪካዎች ተቆጣጣሪ ሹም ይኖሩ ነበር። በ1860 ሰኔ 29 ቀን ሌሊት በቤቱ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዎች ተኝተው ነበር፤ አባትና እናት፣ ከሞተችው ሚስትና ካሁኒቱ ሚስት የተወለዱ ሰባት ልጆች፣ ሞግዚት፣ ገረድና ወጥ ቤት። ሲነጋ አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሳቪል ከአልጋው ጠፋ። የሳሎኑ መስኮት ተከፍቶ ተገኘ፤ ሕፃኑም በግቢው ውስጥ አሽከሮች በሚጠቀሙበት መጸዳጃ ቤት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጉሮሮው ታርዶ ተገኘ።

የአገሩ ፖሊሶች ወዲያው የጠረጠሩት ሞግዚቲቱን ኤሊዛቤት ጎፍን ነው፤ በሕፃኑ ክፍል የምትተኛው እርስዋ ናትና። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ከለንደን ጆናታን ዊቸር የተባለ መርማሪ ተላከ። ዊቸር የአትክልተኛ ልጅ ነው፤ ከነዚያ ከመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዎችም አንዱ ነበር። ይህ ሰው የአሽከሮቹን ጓዝ ትቶ የልጆቹን ልብስ ቍጥር ጠየቀ። ከመጀመሪያዪቱ ሚስት የተወለደችው የ16 ዓመት ልጅ ኮንስታንስ ሦስት የሌሊት ቀሚስ እንደ ነበራትና ሁለት ብቻ እንደ ቀረ አገኘ። ሦስተኛው የት ሄደ ቢባል፣ ለልብስ አጣቢዪቱ ተልኮ በእርስዋ ዘንድ ጠፍቷል ተባለ። አጣቢዪቱ ግን ቀሚሱ ከነጭራሹ አልደረሰኝም አለች።

ዊቸር ይህን ነገር እንዲህ ፈታው። በደም የተበከለውን ቀሚስ ኮንስታንስ አጥፍታዋለች፤ ጉድለቱ እንዳይታወቅባት ሌላውን ንጹሕ ቀሚስ ወደ ልብስ አጣቢዪቱ በሚላከው ቅርጫት ተቈጥሮ እንዲገባ አደረገች፤ ከዚያም ገረዲቱን ውኃ አምጪልኝ ብላ ልካ፣ እስክትመለስ ድረስ ያንኑ ቀሚስ መልሳ ወሰደችው። በጽሑፍ ላይ የተላከ፣ በቅርጫት ውስጥ የሌለ አንድ ቀሚስ ይሆናል፤ ጥፋቱም በድሃዪቱ ሴት ላይ ይወድቃል።

ሐምሌ 20 ቀን ልጅቱ ተያዘች። አገሩ ሁሉ ተቈጣ፤ የተከበረ ሰው ልጅ በጠፋ ቀሚስ ምክንያት በአትክልተኛ ልጅ ትከሰሳለች ወይ ተባለ። ቀሚሱም ስላልተገኘ ማስረጃ አነሰ፤ በሳምንቱ ተለቀቀች። ዊቸር ተሰደበ፤ ስሙም ወደቀ። ከዚያ በኋላ በመስከረም መጨረሻ እንደ ገና የተያዘችው ሞግዚቲቱ ናት፤ እርስዋም ማስረጃ ስለ ታጣባት ነጻ ወጣች። ዊቸር በ1864 ጤናው ታውኮ ከሥራው ተሰናበተ።

በ1865 በሚያዝያ ወር ኮንስታንስ ኬንት በገዛ እጅዋ ለንደን መጥታ ከዳኛ ፊት ቆመችና ሕፃኑን የገደልሁት እኔ ነኝ አለች። የሞት ፍርድ ተፈረደባት፤ ኋላም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላት። ብቻዋን ነበረች ወይስ ረዳት ነበራት የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሃያ ዓመት ታስራ በ1885 ከተፈታች በኋላ ወደ አውስትራልያ ሄዳ፣ ስምዋን ለውጣ፣ በሽተኛ በማስታመም ሥራ ብዙ ዘመን ኖረች፤ በ1944 በመቶ ዓመትዋ ሞተች። ዊልኪ ኮሊንስ የተባለው ደራሲ ደግሞ በ1868 ባሳተመው ታሪክ የሌሊት ቀሚሱንና ከለንደን የሚመጣውን መርማሪ አስገባ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ሁሉ በዚያው መንገድ ሄዱ።

ኮንስታንስ ከፍርድ በኋላ በሰጠችው ቃል ቀሚሱን ከቅርጫቱ መልሳ የወሰደችው ራስዋ መሆንዋን፣ በደም የተበከለውንም በመኝታ ቤትዋ አቃጥላ አመዱን በወጥ ቤቱ ምድጃ መጨመርዋን ተናገረች። ልብስ አጣቢዪቱ አልደረሰኝም ካለች ያን ጊዜ አምስት ዓመት ሆኗት ነበር።