ሕድሞ፤ የደጋው ገበሬ ቤትና የእንጨቱ ዋጋ

በኤርትራ ደጋ፣ በሐማሴን፣ በሠራዬና በአካለ ጉዛይ፣ የገበሬው ነባር ቤት ሕድሞ ይባላል። ከሩቅ ለሚያየው ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ይመስላል፤ ቀርቦ ለመረመረው ግን በልክ የታሰበ ሥራ መሆኑ ይገለጥለታል።

ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ በወፍራሙ የተሠራ ስለ ሆነ የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ቍር ይከለክላል። ጣራውን ግን ከግድግዳው ጋር አብረው የሚሸከሙት በውስጥ የቆሙት ባላዎች ናቸው። በባላዎቹ ላይ አግዳሚ፣ በአግዳሚው ላይ ርብራብ፣ በርብራቡ ላይ ጭራሮና ቅጠል ተነጥፎ በመጨረሻ አፈር ይጠቀጠቃል። ከደጃፉ ፊት ገበላ የሚባል ባለምሰሶ በረንዳ አለ። ቀጥሎ እንግዳ የሚቀመጥበት ምድሪ ቤት፣ በስተ ውስጥም ምግብ የሚሰናዳበት ውሻጠ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱን የሚለያቸው እህል የተሞላው የጭቃ ጎታ ነው። ከብቱም ሌሊት ከዚያው ጣራ ሥር ያድር ነበር።

ቤቱ የመብት ምስክርም ነበር። ዴሳ በሚባለው ሥርዓት የመንደሩ እርሻ በየጊዜው፣ ብዙውን ጊዜ በየሰባት ዓመቱ፣ ለነዋሪዎች እንደ ገና ይደለደል ስለ ነበረ፣ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው በመንደሩ ቤት ሠርቶ መኖሩ ይታይለት ነበር። እርሻው እጅ ሲለዋውጥ ቤቱ ከነእንጨቱ ለልጅ ይተላለፋል። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1994 የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 58 መሬትን ሁሉ የመንግሥት ካደረገው ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል።

የሕድሞ እውነተኛ ሀብት እንጨቱ ነው። ምስጥ በቀላሉ የማይደፍራቸው ጽሕዲና አውሊዕ፣ በአማርኛ ጥድና ወይራ፣ ለባላና ለአግዳሚ ይመረጡ ነበር። ለአንድ ቤት ብዙ ዛፍ ስለሚያስፈልግ፣ የአባት ቤት ሲፈርስ ምሰሶው ለልጅ ቤት ይነሣል እንጂ ለማገዶ አይጣልም። ይሁን እንጂ ደኑ በመጥረቢያና በእርሻ እየተመናመነ ሄደ። በ1911 የምጽዋ ባቡር አስመራ ከደረሰ በኋላ ከባሕር የሚመጣው ዕቃ ወደ ደጋ መውጣቱ ቀለለ፤ ቈርቈሮውም ቀስ በቀስ የአፈሩን ጣራ ተካ።

ቈርቈሮው ዛፍን ማዳኑ አይካድም፤ በቀን ግን ይግላል፣ በሌሊት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አዲስ ሕድሞ ለመሥራት ደን መቍረጥ የማይገባ ቢሆንም፣ የቆመውን መጠበቅ ግን የሚገባ ነው። ሹሙ የቆሙትን ቤቶች ልካቸውን አስለክቶ ቢያስመዘግብ፣ ነጋዴውም አሮጌውን ምሰሶ በማገዶ ዋጋ ከመግዛት ቢቈጠብ፣ የአባቶች ጥበብ ለልጆች ይተርፋል።