አይዳ ታርቤልና የነዳጁ ዶሴ

ጋዜጠኛዋ አይዳ ታርቤል ስለ ነዳጅ ኩባንያው ስታንዳርድ ኦይል ልትጽፍ መነሳቷን ሲሰሙ አባቷ፣ የምትጽፍበትን መጽሔት ያጠፉታል ብለው አስጠነቀቋት። ፍርሃታቸው ካዩት የመጣ ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የድፍድፍ ነዳጅ ማጠራቀሚያ ከእንጨት እየሠሩ፣ በኋላም ራሳቸው ነዳጅ እያወጡ ቤተሰብ ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ። በ1872 እ.ኤ.አ. የስታንዳርድ ኦይል መሥራች ሮክፌለርና ሸሪኮቹ ከባቡር ድርጅቶች ጋር በምስጢር ሲዋዋሉ ልጃቸው 14 ዓመቷ ነበር። ውሉ ለእነሱ ጭነት ቅናሽ ይሰጣል፤ ይባስ ብሎ ተፎካካሪያቸው ለጫነው በርሜል ከከፈለው ሒሳብ ላይ ተነሥቶ ለእነሱ ይሰጣቸዋል። ጉዱ ሲወጣ ነዳጅ አምራቹ ሁሉ ኡኡ አለ፤ ውሉም ሥራ ላይ ሳይውል ፈረሰ። በእነዚያ ጥቂት ወራት ግን ሮክፌለር አብዛኞቹን የክሊቭላንድ ከተማ የነዳጅ ማጣሪያዎች ጠቅልሎ ገዝቶ ነበር።

ታርቤል ሮክፌለርን ቀርባ አላነጋገረችም። ኩባንያው ግን ለዓመታት በፍርድ ቤትና በምክር ቤት ሲመረመር ስለኖረ፣ በመሐላ የተሰጠ የምስክር ቃል በየመዝገብ ቤቱ ተከማችቶ ነበር። ያን የምስክር ቃል እየተከታተለች አነበበች። ከኩባንያው አለቆች አንዱን፣ ሄንሪ ሮጀርስን፣ ለሁለት ዓመት ያህል እየተመላለሰች ያገኘችውን ታቀርብለት፣ መልሱንም ትሰማ ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የአንድ ልጅ ነገር ነው። ሥራው በኩባንያው ቢሮ ጊዜ ያለፈባቸውን ወረቀቶች ማቃጠል ነበር። አንድ ቀን ከሚቃጠለው ክምር የሰንበት ትምህርት አስተማሪውን ስም አየ፤ አስተማሪው በግሉ ነዳጅ የሚያጣራ ተፎካካሪ ነበር። ልጁ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሰጠው፤ እሱም ለታርቤል አደረሰላት። የባቡር ድርጅት ሠራተኞች የተፎካካሪዎችን ጭነት ለስታንዳርድ ኦይል ሲያሳብቁ መኖራቸው በጽሑፍ ተያዘ። ይህ ሲታተም ሮጀርስ በሩን ዘጋባት።

ጽሑፉ ከኖቬምበር 1902 ጀምሮ በማክሉርስ መጽሔት በ19 ክፍል ወጣ፤ በ1904 ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ሆነ። የኩባንያውን የሥራ ብቃት አልደበቀችም፤ ውሎቹንና የምስክር ቃሎቹንም አንባቢ ራሱ እንዲያመሳክር በአባሪ አተመች። በ1905 ስለ ሮክፌለር ባሕርይ የጻፈችው ግን መልኩን ሳይቀር የሚያብጠለጥል ነው፤ እዚያ ላይ ከማስረጃ ይልቅ ቂም የመራት ይመስለኛል።

የአሜሪካ መንግሥት ኩባንያውን በ1906 ከሰሰ። በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲበተን ወሰነ፤ ስታንዳርድ ኦይልም ወደ 34 ኩባንያዎች ተከፋፈለ።