«ፐርሰኪዩሽን» ወይስ «ፕሮሰኪዩሽን»?

እዚህ ሳንታ ክላራ የጥገኝነት ማመልከቻ ለሚሞሉ ወገኖች አልፎ አልፎ በትርጉም እረዳለሁ። ሰው አብዝቶ ሲደናገርባቸው የማያቸው ቃላት ሁለት ናቸው፤ «ፐርሰኪዩሽን» እና «ፕሮሰኪዩሽን»። በጽሑፍም በድምፅም መንትዮች ይመስላሉ። በሕግ ፊት ግን ለየቅል ናቸው።

እስቲ ከሥራቸው እንጀምር። ሁለቱም የተወለዱት «ሴኩዊ» ከሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ ትርጉሙም «መከተል» ነው። «ፐር» ሲቀድመው እስከ መጨረሻው መከታተል፣ ማሳደድ ሆነ። «ፕሮ» ሲቀድመው ጉዳይን ወደ ፊት መግፋት ሆነ። ስለዚህ «ፕሮሰኪዩሽን» የዐቃቤ ሕግ ክስ ሲሆን፣ «ፐርሰኪዩሽን» ሰውን በማንነቱ ወይም በአመለካከቱ ማሳደድ ነው።

በ1980 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ የሚመለከተው ፐርሰኪዩሽን የደረሰበትን ወይም ይደርስብኛል ብሎ በበቂ ምክንያት የሚፈራን ሰው ነው። ምክንያቱም ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት ወይም የፖለቲካ አመለካከት መሆን አለበት። ተራ የወንጀል ክስ ብቻውን አይበቃም።

ታዲያ ክሱ ራሱ የማሳደጃ መሣሪያ ሲሆንስ? ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በ2012 በጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ 18 ዓመት ተፈርዶበት የተፈታው በ2018 ነው። መዝገቡ ላይ የሚነበበው ክስ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ቡድን ግን የዘፈቀደ እስር ነው ብሎታል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው «ተከሰስኩ» ብሎ ካቆመ የነገሩን ግማሽ ብቻ ተናገረ። ለምን እንደተከሰሰ ማስረዳት አለበት።

የእኛም ቋንቋ የራሱ ወጥመድ አለው። «ስደት» እና «ማሳደድ» ሁለቱም ከ«ሰደደ» የወጡ ናቸው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 «የሚሰደዱ» የተባሉት አገር ለቀው የወጡ ብቻ አይደሉም፤ መከራ የሚደርስባቸው ናቸው። እንግሊዝኛው ግን አገር ጥሎ መውጣትን በሌላ ቃል ይጠራዋል። አስተርጓሚው «ተሰደድኩ» የሚለውን «አገሬን ለቀቅሁ» ብሎ ብቻ ካሳለፈው አሳዳጁ ከታሪኩ ውስጥ ይጠፋል።

ውድ አንባቢያን፣ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የጥገኝነት ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ እንግሊዝኛ የማይቀናችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ይዛችሁ የምትሄዱት እናንተው ናችሁ። ዘመድ ወይም ጎረቤት ስለሆነ ብቻ አትምረጡት። አስቀድማችሁ የሁለቱን ቃላት ልዩነት ጠይቁት። ከተንተባተበ አመስግናችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።