ሰዓቱና ቁሌቱ

በበዓል የቴሌቪዥን ፕሮግራሞቻችን የተለመደ ጨዋታ አለ። ዘፋኙ ሽርጥ ታጥቆ፣ ተዋናይቱ እጅጌዋን ሰብስባ ከፊታቸው የተነጨች ዶሮ ትቀርብላቸዋለች። አሥራ ሁለቱን ብልት ማን ቀድሞ ያወጣል? አዘጋጁ ይቆጥራል፣ ታዳሚው ያጨበጭባል፣ ዘፋኙ ፈረሰኛውን ከመላላጫው ጋር አንድ ላይ ይቆርጠውና ሳቅ ይሆናል። ከዚያ ወደ ሙዚቃው ይታለፋል። በሌላው ዓለም ግን ይህ ጨዋታ ራሱን ችሎ ለሳምንታት የሚዘልቅ፣ ዳኛና ሕግ ያለው ትልቅ የቴሌቪዥን ዘርፍ ሆኗል፤ የታዋቂ ሰዎች የምግብ ማብሰል ውድድር።

ዘርፉን ካደመቁት ቀደምት ውድድሮች አንዱ የጃፓኑ «አይረን ሼፍ» ነው። ፉጂ ቴሌቪዥን በ1993 ጀመረው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በየሳምንቱ አንድ ምስጢራዊ ግብዓት ድንገት ይገለጣል፤ ዓሣም ሊሆን ይችላል፣ እንጉዳይም። ሁለት ሼፎች በ60 ደቂቃ ውስጥ ያንኑ ግብዓት በየዓይነቱ አብስለው ያቀርባሉ። ታዋቂ ሰዎች ያኔም ነበሩ፤ ቦታቸው ግን ምድጃው ጋ ሳይሆን ገበታው ላይ ነበር። ቀምሰው አስተያየት ይሰጣሉ፣ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ይሄዳሉ። እንግሊዞች በ2006 ነገሩን ገለበጡት። ቢቢሲ በ«ማስተርሼፍ» ውድድሩ ላይ የታዋቂ ሰዎችን ክፍል ጨመረና ተዋናዩን፣ ዘፋኙንና ስፖርተኛውን ምድጃው ፊት አቆማቸው። የመጀመሪያው አሸናፊ ማት ዳውሰን ነበር፤ በ2003 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሳ የራግቢ ተጫዋች። በ2010 ደግሞ ተዋናይት ሊሳ ፎክነር አሸነፈች። ከዓመታት በኋላ ከውድድሩ ዳኞች አንዱን ጆን ቶሮድን አገባች። እኛ ሀገር ቢሆን ኖሮ የዚያ ዓመት ውጤት ገና ዛሬም በቡና ላይ ይመረመር ነበር።

አሜሪካኖቹ የያዙት መንገድ የተለየ ነው። «ቶፕ ሼፍ ማስተርስ» ያወዳድር የነበረው ማብሰል የማይችሉ ዝነኞችን ሳይሆን በማብሰል ዝነኛ የሆኑትን ነው። ተወዳዳሪው ገንዘቡን ለራሱ አይወስድም ነበር፤ ለመረጠው የበጎ አድራጎት ሥራ ይሰጥ ነበር። ይህ ብልሃት ነው። ስም ያለው ሼፍ በአደባባይ ለመሸነፍ ፈቃደኛ የሚሆነው ከጀርባው መልካም ምክንያት ሲኖር ነው።

እኛን ወደዚህ ውድድር የሚያስጠጋን ሰውም እዚያው ነው። ማርከስ ሳሙኤልሰን ኢትዮጵያ ውስጥ ሲወለድ ስሙ ካሳሁን ጽጌ ነበር። በሳንባ ነቀርሳ ወረርሽኝ ጊዜ እናቱ፣ እህቱ ፋንታዬና እሱ ታመሙ። እናትየው ራሷ ታማ ሁለቱን ልጆች ይዛ በእግሯ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ደረሰች። ልጆቹ ዳኑ፣ እሷ አልዳነችም። ጎተንበርግ የሚኖሩ ስዊድናውያን አሳደጓቸው፤ ልጁን ወጥ ቤት ያስገባችው ስዊድናዊት አያቱ ሄልጋ ነበረች። በ1995 ኒውዮርክ በሚገኘው «አኳቪት» ምግብ ቤት የኒውዮርክ ታይምስን ሦስት ኮከብ ሲያገኝ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። በኅዳር 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ያደረጉትን የመጀመሪያ መንግሥታዊ የራት ግብዣ አዘጋጀ። በ2010 በሁለተኛው ዙር «ቶፕ ሼፍ ማስተርስ» ሪክ ሙነንንና ሱሱር ሊን አሸንፎ 100,000 ዶላሩን ለዩኒሴፍ የንጹሕ ውኃ ዘመቻ ሰጠ።

የዚያ ፍጻሜ ጥያቄ ከባድ ነበር። ከሚቀርቡት ምግቦች አንዱ ከተወዳዳሪው የመጀመሪያ የምግብ ትዝታ መነሳት ነበረበት። ይህ ሰው ከኢትዮጵያ የወጣው በሕፃንነቱ ነው፤ የእናቱን ፎቶግራፍ እንኳ አይቶ እንደማያውቅ በግለ ታሪኩ ጽፏል። ውድድሮቹን ከተራ የማብሰያ ፕሮግራም የሚለያቸው እንዲህ ያለው ነገር ይመስለኛል። ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስም ሆነ ጆርዳና ከበዶም በኢቢኤስ ያቀረቧቸው ዝግጅቶች የሚያስተምሩ ናቸው፤ ተመልካቹ እስክሪብቶ ይዞ ይቀመጣል። ውድድሩ ግን አያስተምርም። ሰውየውን ያስጨንቀዋል፣ እኛም ጭንቀቱን እናያለን።

አስጨናቂው ደግሞ ዳኛው አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። «ቾፕድ» በተባለው ውድድር ለመጀመሪያው ምግብ 20 ደቂቃ፣ ለዋናውና ለጣፋጩ 30፣ 30 ደቂቃ ይሰጣል። ዳኞቹ ሦስት ሆነው ሳለ ተወዳዳሪው አራት ሳህን ይሞላል፤ አራተኛዋ የካሜራ ናት። ተመልካቹ አይቀምስ፣ አያሸት። ስለዚህ ቴሌቪዥን የሚወደው ቶሎ የሚደርስና ዓይን የሚሞላ ምግብ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዶሮ ወጥ ሰዓት አይቀበልም። ሽንኩርቱ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ያለ ዘይት በለሆሳስ እሳት ሲቁላላ ብቻውን የ«ቾፕድ»ን ሦስቱንም ዙር ይጨርሳል። በርበሬው ገብቶ ውኃ ጠብ እየተደረገ መብሰል አለበት፣ ቅቤው ይከተላል፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ የታጠበችው ዶሮ ትገባለች፣ መከለሻው መጨረሻ ነው። ያልበሰለ ቁሌት ደግሞ አይደበቅም፤ አንዴ ሲጎረስ ይታወቃል። እንጀራማ ቀናት ይፈልጋል። በእኛ ገበታ የቴሌቪዥን ሰዓት የሚችሉት ክትፎ፣ ጥብስና ፍርፍር ናቸው፤ ክትፎ እንዲያውም ለካሜራ የተፈጠረ ይመስላል። ዋናው የበዓል ምግባችን ግን እስቱዲዮ ሲገባ ብልት ማውጣት ብቻ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ሁሉ ካሜራ ሳይመጣ ሌሊቱን የተሠራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ራግቢ ተጫዋቹ ሶስ ቢያሳርር ይስቁበታል፣ ያበቃል። እኛ ዘንድ ዘፋኙ ሽንኩርት ሲያስለቅሰው ሳቅ ነው፤ ተዋናይቱ ብልት ስታበላሽ ግን ሳቁ ሌላ ድምፅ አለው፤ አሳዳጊዋ ሳይቀር ይነሳል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቆመው የሚጫወቱት አንድ ዓይነት ጨዋታ አይደለም። የሀገራችን አዘጋጆች አንድ ቀን የተሟላ ውድድር ቢያስቡ ይህን ቀድመው ሊያጤኑት ይገባል።

ቦታ ቢፈልጉ እኔ ንፋስ ስልክ ላፍቶን እጠቁማለሁ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ፣ በኮቪድ ጊዜ ጃን ሜዳ ሰንብቶ የሰፈረው እዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ኃይሌ ጋርመንት ነው። የከተማው በዓል በሽንኩርት ዋጋ የሚለካ ከሆነ መለኪያው የሚነበበው እዚያ ነው፤ በዋዜማው ጆንያ የተሸከመ ሰው መንገድ አያስተላልፍም። ተወዳዳሪዎቹ ከዚያ ይጀምሩ። ስሙን ሁሉ የሚያውቀው ዘፋኝ ሽንኩርት መርጦ፣ ተከራክሮ ይግዛ፤ አምስት ኪሎው ቤት ሲደርስ ስንቱ የበሰበሰ እንደሆነ ይቆጠርበት። ከዚያ ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም። የጋራ መኖሪያ ግቢዎቹ ሲታነጹ ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን «ኮሚናል» የሚሉት የጋራ ቤት ተሠርቶላቸዋል። ምድጃው እዚያ ይነሳ፤ ሰዓቱ ከማታው ሦስት ሰዓት እስከ ንጋት ይሁን። ካሜራው ሲተኛ ይተኛ፤ ቁሌቱ ግን አይተኛም። ዳኝነቱን ከየፎቁ ለሚመጡ እናቶች እተወዋለሁ። ነጥብ ላይሰጡ ይችላሉ፤ ግን ማን ሽንኩርቱን ሳይበስል በርበሬ እንደጨመረበት ለመለየት አንድ ጉርሻ ይበቃቸዋል፤ አፍረው የሚያልፉትም አይመስለኝም።